የከሰረ መንገድ ፍለጋ



ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ፒትስበርግ ድረስ፣ ከ340 ማይል በላይ፣ ከመኪና ጋር እምብዛም ሳይጋፉ በብስክሌት መሄድ ይቻላል። ከአሌግዛንድሪያም እንዲሁ። መንገዱ አብዛኛው ወንዝ ለወንዝ ነው፤ ተራራው ሲመጣ እንኳ የሚወጣው ባቡር ሊወጣው በሚችለው ልክ ብቻ ነው። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሰዎች የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠው ይህን መንገድ ሊነዱ ይመጣሉ። እኛ የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጫፉ ላይ እንኖራለን። ፌንተን ስትሪት ላይ ቡናውን የጠጣ ሰው ዕቃውን ጭኖ ቢነሣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ መነሻው ላይ ይደርሳል። ያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መንገድ ላይ የሀገሬን ሰው እምብዛም አላገኝም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ የምናገረው ርቆ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጸጥ ያለና ለዓይን የሚያምር መንገድ እንዴት እንደሚመርጥ ነው። ስለ ብስክሌቱ ዋጋና ስለ ልብሱ አልናገርም፤ እሱን ሱቁ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብስክሌት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን በሰዓት ተከራይተን፣ ጉልበታችንን ልጠን ነው የተማርነው። የባሕር ዳር ልጆች ደግሞ ያለ ብስክሌት ከተማቸውን አያውቋትም። ኢትዮጵያ ገና በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ተሳትፎዋ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ እነ ገረመው ደንቦባን ይዛ በብስክሌት ተወዳድራለች። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። አዲስ አበባም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እያለች አንዳንድ እሑድ ጎዳናዎቿን ለመኪና ትዘጋለች። እዚህ ስንደርስ ግን ብስክሌቱ ጋራዥ ውስጥ ይሰቀላል፤ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ደግሞ ይረሳል።

አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ይህን ከተማ የምናውቀው በመሪ መሆኑ ነው። ስንቶቻችን ታክሲ ነድተናል፣ ኡበር ነድተናል። ቤልትዌዩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ጆርጂያ አቬኑ የቱ ጋ እንደሚጨናነቅ፣ ከዱክ ስትሪት በየትኛው ጓሮ እንደሚወጣ እናውቃለን። ይህ ዕውቀት እንጀራችን ነው፤ ለብስክሌት ጉዞ ግን ያሳስታል። ሹፌር የሚመርጠው ቶሎ የሚያደርሰውን መንገድ ነው። ቶሎ የሚያደርሰውን ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው ጸጥታ የለውም። ስልካችንም የሚያስበው እንደ ሹፌር ነው። ጉግል በ2010 የብስክሌት መንገድ መጠቆም ጀምሯል፤ ግን ዝም ብላችሁ ካመናችሁት ጥቂት ደቂቃ አተርፋለሁ ብሎ መኪና የሚበርርበት መንገድ ውስጥ ይከታችኋል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ የተገላቢጦሽ ነው። የከሰረ መንገድ ፈልጉ። አንድ ዘመን ሀብታም ኩባንያ ገንዘቡን አፍስሶበት፣ ሜዳ አድርጎ ደልድሎት፣ ድልድይ ሠርቶለት፣ ከዚያ ገበያው ጥሎት የሄደ መንገድ። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ መንገድ ሞልቷል፤ አንደኛው የጀልባ ቦይ ነው፣ ሌላው የባቡር ሐዲድ።

ቦዩ ቼሳፒክና ኦሃዮ ይባላል። ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ አካፋ ይዘው ቁፋሮውን አስጀመሩ። ሐሳቡ ከዋሽንግተን ተነሥቶ በፖቶማክ ዳር ዳር ሄዶ፣ ተራራውን ተሻግሮ ኦሃዮ ወንዝ መድረስ ነበር። በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ የባቡር ኩባንያ የመጀመሪያውን ድንጋይ አኖረ። ሁለቱ በአንድ ሸለቆ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ ከምበርላንድ በ1842 ገባ፤ ቦዩ በ1850 ደረሰና ገንዘቡም ጉልበቱም እዚያው አለቀ፤ ተራራውንም አላየ። ከዚያ በኋላ በ1924 ጎርፍ እስኪያቆመው ድረስ ሥራው በአመዛኙ የድንጋይ ከሰል ማመላለስ ሆነ። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። እኛ ዘንድ በቅሎ በመጣብርና በወርቀ ዘቦ አጊጣ መኳንንት የሚቀመጡባት ክብርት እንስሳ ነበረች፤ እዚህ ግን ዕድሏ ገመድ ታስሮላት ከሰል መጎተት ሆነ። እኛ ዛሬ የምንነዳበት ያ የበቅሎ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 184.5 ማይል፣ ወደ 297 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ለብስክሌት የሚመችበትም ምክንያት ከዚሁ ይመጣል። ጀልባ ዳገት አይወጣም። መሐንዲሶቹ ቦዩን ሜዳ አድርገው ሠርተው ከፍታውን በ74 የውሃ በሮች ከፋፈሉት፤ ጀልባው በሩ ውስጥ ይገባል፣ ይዘጋበታል፣ ውሃ ይሞላል፣ ከፍ ብሎ ይወጣል። እናንተ ከበሩ አጠገብ ስትደርሱ ሁለት ሦስት ሜትር የምታህል ጉብታ ትገፋላችሁ፤ ከዚያ እንደገና ሜዳ ነው። በ184.5 ማይል ጠቅላላ ከፍታው 184 ሜትር ነው። የእንጦጦን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

መንገዱ እንዲሁ በዕድል አልተረፈም። በ1954 መጀመሪያ ቦዩን ደፍኖ የመኪና መንገድ ማድረግ ታስቦ፣ ዋሽንግተን ፖስት በርዕሰ አንቀጹ ደግፎት ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ የጋዜጣውን አዘጋጆች «እስቲ ከእኔ ጋር በእግራችሁ ሂዱና እዩት» ብለው ሞገቷቸው። በማርች ከከምበርላንድ ተነሥተው ስምንት ቀን ሄዱ። ብዙ ሰው ጀምሮ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ ጋዜጣው ግን አቋሙን አለዘበ። ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ያ ክርክር በሌላ መንገድ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

አሁን ከቤታችን እንነሣ። ከከተማ መውጣቱ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ክፍል ነው፤ መላው ግን ቀላል ነው፦ ውሃውን ተከተሉ። ምንጭና ጅረት ወደ ዝቅታው ይሄዳል፣ ዳሩ ሲጎርፍ ስለሚሰጥም ቤት አይሠራበትም፣ ቤት ያልተሠራበት ቦታ ፓርክ ይሆናል። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ወደ ምዕራብ ትንሽ ነድቶ ሮክ ክሪክ ይገባል። ከሜሪላንድ ወሰን እስከ ብሮድ ብራንች ያለው የቢች ድራይቭ ክፍል በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020፣ ለመኪና ተዘጋ፤ በ2022 ደግሞ ተዘግቶ እንዲቀር ተወሰነ። በዋና ከተማ መካከል፣ በጫካ ውስጥ፣ የጅረቱን ድምፅ እየሰሙ በአስፋልት መንዳት ነው። ጅረቱ ፖቶማክ የሚገባበት ቦታ ላይ፣ እዚያ ካለው የጀልባ ቤት ኋላ፣ የቦዩ ዜሮ ማይል ድንጋይ ቆሟል። ሌላው አማራጭ በስላይጎ ክሪክ ወርዶ በኖርዝዌስት ብራንች በኩል አናኮስቲያ ወንዝ መድረስ ነው፤ ያኛው ወደ ምሥራቁ የከተማው ክፍል ለሚሄድ ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤተዝዳ ይወስድ የነበረው የድሮ ባቡር መንገድ በ2017 ለፐርፕል ላይን ባቡር ሥራ ተዘግቶ ነበር፤ መከፈቱን ሳታጣሩ አትቁጠሩት። ከቤተዝዳ ወደ ጆርጅታውን የሚወርደው የካፒታል ክረሰንት አስፋልት ግን ድንቅ ነው። ለመነሻም ይጠቅማችኋል። በጆርጅታውን ውስጥ የቦዩ ዳር ጠባብ፣ ጡብና ደረጃ የበዛበት ነውና ከኪ ብሪጅ ሥር በክረሰንቱ ሁለት ማይል ያህል ነድታችሁ ፍሌቸርስ ኮቭ ላይ ወደ በቅሎው መንገድ ተሻገሩ።

የአሌግዛንድሪያ ሰው የማውንት ቨርነን መንገድ አለው፤ ከጆርጅ ዋሽንግተን ቤት እስከ ሩዝቬልት ደሴት 18 ማይል ነው። ከኦልድ ታውን ወደ ሰሜን በወንዙ ዳር ወጥቶ፣ በኪ ብሪጅ ተሻግሮ ጆርጅታውን ይገባል። ጸጥ ያለ ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ግራቭሊ ፖይንት ላይ አውሮፕላኑ ጭንቅላታችሁን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ ደግሞ ጋሪ የሚገፋው፣ ሯጩና ውሻ የሚያንሸራሽረው በጠባቧ አስፋልት ላይ ይተራመሳል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ውጡ።

አሌግዛንድሪያ የራሷም የከሰረ ባቡር አላት። ሐዲዱ ከአሌግዛንድሪያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይዘልቅ ነበር፣ በ1968 ቆመ፣ በ1988 እስከ ፐርሰልቪል አስፋልት ሆኖ ተጠናቀቀ፤ ከሸርሊንግተን ቢቆጠር 45 ማይል ነው። በፎር ማይል ረን በኩል ትገቡበታላችሁ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለጉልበት ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ለዓይን ግን ከሊስበርግ ወዲህ ያለው ብዙ አይሰጥም። ከላይ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ ሽቦ ይከተላችኋል፣ አሽበርን አካባቢ መስኮት አልባ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ከሊስበርግ በኋላ ነው አገር የሚመስለው። ድሮ ከሊስበርግ በኋይትስ ፌሪ ጀልባ ፖቶማክን ተሻግሮ ወደ ቦዩ መግባት ይቻል ነበር፤ የቆዩ ካርታዎች ዛሬም እንዲያ ይላሉ። ጀልባው ግን በ2020 መጨረሻ ቆሟል። መንገድ ስታቅዱ ማንኛውንም መሻገሪያ ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ፤ ወንዝ ዳር ደርሶ ድልድይ ማጣት ግማሽ ቀን ይበላል።

አንዴ በቅሎው መንገድ ላይ ከወጣችሁ ብዙ ማሰብ የለም። ወንዙ በግራ፣ ቦዩ በቀኝ። 14ኛው ማይል ላይ ግሬት ፎልስ ነው፤ እዚያ ድረስ ሰው ይበዛል። ከዚያ ይሳሳል፣ ከ30ኛው ማይል በኋላ ደግሞ ከአጋዘንና ከኤሊ በቀር የሚያነጋግራችሁ አይኖርም። ሞኖከሲ ላይ ቦዩ ራሱ በድንጋይ ድልድይ ወንዝ ይሻገር ነበር፤ ድልድዩ ዛሬም ቆሟል፣ የምትሻገሩትም በእሱ ላይ ነው። 60ኛው ማይል ላይ ሃርፐርስ ፌሪ አለች፤ ጆን ብራውን ባርነትን ሊያጠፋ በ1859 የተነሣባት ከተማ ናት። ለመሻገር ብስክሌቱን በደረጃ ተሸክሞ መውጣት አለ፤ ይህን እወቁትና ዕቃ አታብዙ። አንቲተም የጦር ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከ85ኛው ማይል በኋላ ቢግ ስላክዋተር የሚባል ቦታ መንገዱ ከገደሉ ሥር፣ በወንዙ ላይ በተሠራ ሲሚንቶ ይሄዳል። በ2012 ተጠግኖ እስኪከፈት ድረስ ሰው በመኪና መንገድ ይዞር ነበር። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ያማረው ክፍል ይህ ነው፤ ክርክር ያለው ይምጣ።

ከ155ኛው ማይል በኋላ የፖ ፖ ዋሻ ይመጣል። ወንዙ እዚያ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ መሐንዲሶቹ ጥምዝምዙን ትተው ተራራውን በሱት። በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ በ1836 ተጀምሮ በ1850 አለቀ። ርዝመቱ 950 ሜትር ነው፣ ውስጡ በስድስት ሚሊዮን ጡብ ተለብጧል። ከብስክሌት ወርዳችሁ፣ መብራት አብርታችሁ በእግራችሁ ሂዱ፤ መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ ውሃ ያቆራል። በቦዩ በኩል የእንጨት መደገፊያ አለ። መብራታችሁን ወደ እንጨቱ ስታዞሩ በየቦታው የጎደጎደ ሰንበር ታያላችሁ፤ በቅሎዎቹ የሚጎትቱት ገመድ በዓመታት የበላው ነው። በውሃ በሮቹም የጥርብ ድንጋይ ጠርዝ ላይ እንዲሁ አለ። ስሙን ያገኘው ከፖ ፖ ዛፍ ነው፤ ፍሬው በሴፕቴምበር ይበስላል፣ ሙዝና ማንጎ የተዋሐዱበት ጣዕም አለው።

ከከምበርላንድ በኋላ ግሬት አሌጌኒ የተባለው የባቡር መንገድ ተቀብሎ በ150 ማይል ፒትስበርግ ያገባችኋል። የመጀመሪያው ክፍል በ1986 ተከፍቶ ሙሉው በ2013 አለቀ። ከከምበርላንድ 23 ማይል ያህል ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጫፉ 729 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ በረሃ ነው። ከዚያ እስከ ፒትስበርግ ቁልቁለትና ሜዳ ነው። ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ ግን ክረምቱን ይዘጋል፤ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ አትሞክሩት።

ቦይም ሐዲድም በሌለበት ቦታስ? ያን ጊዜ የመኪና መንገድ መምረጥ ግድ ይላል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች በየመንገዱ በቀን በአማካይ ስንት መኪና እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ ያወጣሉ፤ ማንም ማየት ይችላል። እኔ በቀን ከ1,000 በታች የሆነውን እመርጣለሁ። ከዚያ በሳተላይት ፎቶ የመንገዱን ዳር አያለሁ። ለሞንጎመሪ ካውንቲ ሰው ደግሞ ትልቅ ስጦታ አለ፤ ካውንቲው በ1980 አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን መሬቱን ለእርሻ ከልሎ ቤት እንዳይሞላበት አድርጓል። በፑልስቪል ዙሪያ ያሉት ጠባብ መንገዶች ጸጥ ያሉት ከዚያ የተነሣ ነው። ይህ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እኅት መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ አስታውሳለሁ፤ የጎንደር ልጆች ሆይ፣ የእኅታችሁን ጓዳ እዩ።

ስንቅ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥታችሁ እንጀራ አገኛለሁ ብላችሁ አታስቡ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ጭኮ ያዙ፤ በሶ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በቦዩ ዳር በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተሠራ ማደሪያ ቦታ አለ፤ የእጅ ፓምፕ ውሃም አለው። ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ይከብዳል፣ በሶ ሲበጠበጥበት ግን ይጠፋል። ፓምፖቹ ክረምት ይዘጋሉ። ጾመኞች በትንንሾቹ ከተሞች ከድንች ጥብስ በቀር ብዙ አታገኙምና ስንቃችሁን ጨምሩ። ሁለት ከመነዳሪ፣ ፖምፓና የሰንሰለት ዘይት አይቅር። ቀጭን የውድድር ጎማ በዝናብ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ይሰጥማል፤ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይበጃል። ጭቃው ከበረታ ከሃንኮክ ወዲህና ወዲያ ጎን ለጎን የሚሄድ የአስፋልት ባቡር መንገድ አለ፤ ወደሱ ዙሩ። ማታ ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ። ጊዜው ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ ሙቀቱ ወጥቷል፣ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል፣ ትንኙም ቀንሷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር እስከ ከምበርላንድ አራት ቀን ይበቃዋል፦ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ዊሊያምስፖርት፣ ፖ ፖ፣ ከምበርላንድ። ለመመለስ ባቡር አለ፤ በቀን አንዴ ነው፣ የብስክሌት ቦታ ከትኬቱ ጋር አስቀድሞ ይያዛል። ዩኒየን ስቴሽን ወርዳችሁ ከደከማችሁ ሜትሮው ከ2019 ጀምሮ በማንኛውም ሰዓት ብስክሌት ያስገባል።

አንድ ልመና ልጨምርና ጥያቄ እቀበላለሁ። ብስክሌት የማትነዱ፣ መኪና ነድታችሁ የምታድሩ ወንድሞችና እህቶች፦ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም፣ በዲሲም ብስክሌት ሲታለፍ ቢያንስ ሦስት ጫማ፣ ከ90 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ መተው ሕግ ነው። በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ መስመሩ ያን ያህል የማያስተርፍ ከሆነ ሌላ መስመር ገብቶ ማለፍ ግዴታ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ስትወጡ ይህን ርቀት ስጡን።